ባዶ ነው ተብሎ የተሰጠኝ ሲሊንደር

ይሄ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም፤ የሆነ ቦታ አንብቤም አይደለም።

አብዷል የሚለኝ ካለ ይበል። ከእናንተ በፊት ያለኝ ሰው አለ፤ ስሙን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ቀኑ ሰኞ ነው። ባለፈው ዲሴምበር። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ። ቦታው ዊስኮንሲን፣ የቤቴ ምድር ቤት፣ ኮምፕሬሰሬ ፊት ለፊት። ውጭ በረዶ ይጥላል እንጂ ጨለማ አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር የሚመጣው በጨለማ ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ ይሄን ቀድሜ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ስሜ አርለን ነው። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስጠግን ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ሞተር ሲንኳኳ ጋኔን ገባበት የሚል ሰው አይደለሁም።

እኛ አካባቢ የአየር ጠመንጃ የምንተኩስ አምስት ስድስት ሰዎች አለን። ክረምት ሲገባ የገበሬዎቹ የላም በረት በእርግብ ይሞላል። መኖውን ያበላሹታል። በረት ውስጥ ደግሞ ባሩድ አይተኮስም፤ ጣሪያ ይበሳል፣ ላሞች ይበረግጋሉ። ስለዚህ እኛን ይጠሩናል። የእኛ ጠመንጃ የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። አየሩን ክንድ በሚያህል ሲሊንደር ይዘን እንዞራለን፤ ሲሊንደሩን የምንሞላው ደግሞ ቤት ውስጥ ባለ ኮምፕሬሰር ነው።

ሲሊንደር ሲሞላ ይሞቃል። አየር ሲታመቅ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሲሊንደር ነክታችሁ ከሞቃችሁ፣ ገና አሁን የተሞላ ነው።

አንድ ሕግም አለን። ያወጣው ታላቅ ወንድሜ ዱዌን ነው። ጋራዡ ግድግዳ ላይ በትልቁ ጽፎታል።

"ቫልቩን የዘጋ ይጽፋል።"

ሲሊንደሩን ከኮምፕሬሰሩ የአየር ጎማ የፈታ ሰው፣ ሰማያዊ ፕላስተር ቆርጦ ይለጥፍበታል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጌጁን፣ የግፊት መለኪያውን፣ ቁጥር፣ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይጽፋል። ሳይጽፍ የወጣ ሰው ከዱዌን አፍ አያመልጥም። "እጅህ ተቆርጧል እንዴ?" ይለዋል በሰው ፊት። ከብዙ ዓመት በኋላ እጃችን ራሱ ለመደው። ወሬ እያወራን፣ ሳናስብ እንጽፋለን።

ዱዌን ከሁለት ዓመት በፊት ሞተ።

ራሱን አጠፋ ነው የተባለው።

ጃንዋሪ 14 ነበር። የበረዶ ዝናብ ሽቦውን በጣጥሶት ከተማው ሁሉ መብራት አልነበረውም። ለቅዳሜ የእርግብ ቀጠሮ ነበረን፤ ሲሊንደሮቻችንን የምንሞላው ደግሞ የዚያን ጊዜ እሱ ጋ ብቻ ነው። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልክ አላነሳ ሲለኝ ሄድኩ። ጋራዡን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፏል። አጠገቡ ያለው ጄኔሬተር ነዳጅ ጨርሶ ቆሟል።

የጎን በሩ ተዘግቷል።

ዱዌን ጄኔሬተር ሲያስነሳ ያንን በር ስንዝር ያህል ከፍቶ ይተወው ነበር፤ እንዳይዘጋበት ቀይ የቀለም ጣሳ ያስገባበታል። ያን ቀን ጣሳው ከበሩ ተነስቶ ወደ ጥግ ሄዷል። የኮምፕሬሰሩ ጎማ ጫፉ ላይ ምንም ሳይታሰርበት ተንጠልጥሏል። ድሮ ጠጪ ነበር፤ ኋላ ሲመረመር ግን በደሙ ውስጥ ጠብታ መጠጥ አልተገኘም።

ፖሊሱ አንድ በአንድ ነገረን። ሲሊንደር እየሞላ አልነበረም፤ ታዲያ ጄኔሬተሩን ለምን አስነሳ? ጣሳውን አንስቶ በሩን ዘግቷል። አልሰከረም። ዕድሜውን በሞተር ያሳለፈ ሰው ነው፣ ጭሱ እንደሚገድል ያውቃል።

"አዝናለሁ" አለን።

የዱዌን ልጅ ኬርስተን ልታገባ ሦስት ሳምንት ነበር የቀራት። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ብቻዋን ገባች፤ እኔ ላስገባሽ ብላት እንቢ አለችኝ። እስከዚያ ዲሴምበር ድረስ መቃብሩ ጋ ሄዳ አታውቅም።

"ሦስት ሳምንት መታገስ አቃተው?" አለችኝ አንድ ቀን።

እውነቱን ከተናገርኩ እኔም ተናድጄበት ነበር። ጥሎኝ የሄደ ነው የመሰለኝ። ያንን ባዶ ጎማ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግን ቆም ብዬ አላሰብኩም። ንዴቱ ማሰብ ከለከለኝ።

የሬሳ ሳጥኑን በቀኝ በኩል የተሸከመው ጎርዲ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ የዱዌንም የእኔም ጓደኛ ነው። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሐይቁ ላይ በረዶ በስቶ ዓሣ ሲያጠምድ እንደዋለ ነግሮኛል። አንገቴን አቅፎ አልቅሷል። ትከሻው ላይ አልቅሻለሁ።

አሁን ወደ ዲሴምበሩ ልመለስ።

እሑድ ልደቴ ነበር። ጎርዲ ጥቁር ሲሊንደሩን ይዞ መጣ።

"ያንተ ነው" አለኝ።

"ይሄን? አንተ ለሚስትህ እንኳ የማታስነካውን?"

"ትከሻዬ አልሆነልኝም። ከእንግዲህ አልተኩስም።"

"ታዲያ አቆየው፣ ሲሻልህ..."

"ውሰድ አልኩህ እኮ! ባዶ ነው። አንተ ሙላው።"

ላዩ ላይ ሰማያዊ ፕላስተር አለ። "ባዶ" ይላል፣ በጎርዲ እጅ ጽሑፍ።

አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። ጓንቱን አላወለቀም። ሲሊንደሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጓንቱን ሱሪው ላይ ጠራረገ። ኬክ አቀረብኩለት፣ አልቀመሰም። ጎርዲ ኬክ አይቶ ሲያልፍ በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም።

ሲሊንደሩን ምድር ቤት አወረድኩት። ጌጁ ዜሮ ላይ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።

በማግስቱ ሰኞ፣ ያ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ያልኳችሁ፣ ልሞላው ወረድኩ።

ጎማውን ይዤ ሲሊንደሩን አነሳሁት...

ሞቋል።

ጌጁን አየሁ። አራት ሺህ አምስት መቶ። ጢም ብሎ ሞልቷል።

ኮምፕሬሰሬ ከሶኬቱ ተነቅሎ ነው ያለው። ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው የለም።

ጎርዲ ጋ ደወልኩ።

"ባዶ ነው አላልከኝም እንዴ?"

ከማዶ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

"ሃሎ? ጎርዲ?"

"ሰዓቱ ስንት ነው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ምን?"

"አሁን። ሰዓቱን ንገረኝ።"

"ዘጠኝ ከአርባ ምናምን ነው። ምን ሆነሃል አንተ?"



"ጌጁ ነው" አለኝ መጨረሻ ላይ። "ያስቸግራል። አስተንፍሰው በቃ።" ዘጋው።

አስተነፈስኩት። ቫልቩን ትንሽ ስከፍተው አየሩ ወጣ፤ ከአየሩ ጋር ሽታ ወጣ። የተቃጠለ ቤንዚን። ከሥሩ ደግሞ ናና ናና የሚል ነገር። ዱዌን ያኝከው የነበረው ትንባሆ።

ወዲያው ደወሉ ጮኸ።

ከዱዌን ሞት በኋላ በየፎቁ የጋዝ ማንቂያ ሰቅያለሁ። ወንድሜን የገደለውን ሽታ የሌለው መርዝ ሲያገኝ የሚጮህ ነው። በሁለት ዓመት አንድ ቀን ጮኾ አያውቅም። አሁን ግን ቤቱን አናጋው። መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ እያሳለኝ ወጣሁ።

በረንዳ ላይ ቆሜ ምክንያት ፈለግኩለት። አገኘሁም። ሲሊንደሩ የተሞላው የሞተር ጭስ ባለበት ቤት ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ያገኘውን አየር ሁሉ ይስባል፣ ጭሱንም አብሮ አምቆታል። ጌጁም ተበላሽቷል። ጎርዲም ሰነፍ ነው። ተረጋጋሁ።

ማታ ተመልሼ እስከ መጨረሻው አስተነፈስኩት። ቫልቩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ተውኩት። ቫልቩ የተከፈተ ሲሊንደር አየር ሊይዝ አይችልም፤ ይሄን ማንም ያውቃል።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ወርጄ ፊቱ ተቀመጥኩ። ሞኝነት መሰለኝ። ሰዓቴን አያለሁ፣ ሲሊንደሩን አያለሁ። ቀዝቃዛ ነው። ቫልቩ ክፍት ነው።

ላይ ቤት ስልክ ጠራ። ሮጬ ወጣሁ። ከማዶ ማንም አይናገርም። ዘግቼ ስመለስ አንድ ደቂቃም አልሞላም።

ቫልቩ ተዘግቷል።

ሲሊንደሩ ሞቋል። ጌጁ አራት ሺህ አምስት መቶ ላይ ነው።

በፎጣ ጠቅልዬ ጓሮ አወጣሁት። በረዶው ላይ አስቀመጥኩት። ዙሪያውን በረዶው ቀለጠ፤ ሣሩ እስኪታይ ድረስ። ከጎኑ ተንበርክኬ ቫልቩን በትንሹ ከፈትኩት።

አየር ሲለቀቅ ድምፁ አንድ ነው። ሽሽሽ ይልና ያልቃል።

ይሄ ግን ይሳባል... ያቆማል...

ይሳባል... ያቆማል...

መጨረሻው ላይ ቀጭን ፉጨት አለችው።

ጆሮዬን ወደ ቫልቩ አስጠጋሁ። ያቺን ፉጨት አውቃታለሁ። እኔና ዱዌን እስከ አሥራ ስድስት ዓመቴ አንድ ክፍል ነው ያደግነው። ልጆች ሳለን ድንጋይ በበረዶ ጠቅልዬ ወርውሬ አፍንጫውን ሰብሬዋለሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያንኮራፋ መጨረሻው ላይ ያፏጫል። እናታችን "ይሄ ያንተ ሥራ ነው" እያለች ስትስቅብኝ ኖራለች።

ወንድሜ እያንኮራፋ ነበር። እዚያ ውስጥ።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ያን ጊዜ የመጣልኝ ነገር የሲሊንደሩን የፍተሻ ቀን ማየት ነው። ያረጀ ሲሊንደር ይፈነዳል፤ በየአምስት ዓመቱ ይፈተሻል፤ ቀኑ ላዩ ላይ ታትሟል። የሠራሁት ሥራ ነው መሰለኝ እንደዚያ ያደረገኝ። ቀኑን የሸፈነው "ባዶ" የሚለው ፕላስተር ነው። ላጥኩት።

ከሥሩ ሌላ ፕላስተር አለ። ያረጀ ሰማያዊ።

ጃንዋሪ 14። ዘጠኝ ከአርባ። አራት ሺህ አምስት መቶ። ጂ።

ያቺን የእንግሊዝኛ "ጂ" አውቃታለሁ። ጅራቷን እንደ መንጠቆ የሚያጥፋት ጎርዲ ብቻ ነው።

ቫልቩን የዘጋ ይጽፋል።

እሮብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠራሁት። ምክንያቱን አልነገርኩትም። ምድር ቤት ወርዶ ሲሊንደሩን ሲያይ ደረጃው ላይ ቆመ። ከሲሊንደሩ ልጬ ጠረጴዛው ላይ የለጠፍኩትን ፕላስተር አሳየሁት።

"ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?"

"አርለን..."

"የማን ነው?"

"ሐይቅ ላይ ነበርኩ።"

"ሐይቅ ላይ ኮምፕሬሰር አለ?"

"ሐይቅ ላይ ነበርኩ አልኩህ!"

"አትጩህ" አልኩት። "ተኝቷል።"

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስከዛሬ አላውቅም። ጎርዲ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

"ጠጥቶ መስሎኝ ነው" አለ በሹክሹክታ።

"ቀጥል" አልኩት።

"ሲሊንደሬን ጠዋት ትቼለት ነበር። ከሐይቅ ስመለስ ልወስደው ጎራ አልኩ። ጎማው ላይ እንደታሰረ ሞልቶ ቆሟል። እሱ ባልዲው ላይ ተኝቶ ያንኮራፋል። ሊድራት ሦስት ሳምንት ቀርቶት እንደገና መጠጣት ጀመረ ብዬ ደሜ ፈላ። አልቀሰቅሰውም፣ የራሱ ጉዳይ አልኩ። ቫልቩን ዘጋሁ፣ ጎማውን አስተነፈስኩ፣ ፈታሁ..."

"ጻፍክ።"

"እጄ ነው የጻፈው። እኔ አላሰብኩም።"

"ጄኔሬተሩስ? አልሰማኸውም?"

"ያን ቀን በየቤቱ ጄኔሬተር ነበር እኮ! ራሴን አመመኝ፤ ብርዱ ነው አልኩ።"

"ጣሳውስ?"

ጫማውን እያየ መለሰልኝ።

"ከዜሮ በታች ሃያ ነበር አርለን። እንደሰከረ በርዶት እንዳይሞት ብዬ... ጣሳውን በእግሬ ገፋሁትና በሩን ዘጋሁለት።"

ዘጋሁለት አለ። እንደ ውለታ።

"ደሙ ውስጥ መጠጥ የለም ሲባል ግን ገባህ" አልኩት።

"ገባኝ።"

"እና ሳጥኑን ተሸከምክ።"

"ምን ላድርግ? ምን ብዬ ልንገራችሁ?"

"ኬርስተን ሁለት ዓመት ሙሉ አባቴ ትቶኝ ሄደ ስትል፣ ፊቷ ቁጭ ብለህ ሰምተሃታል!"

አለቀሰ። ያን ለቅሶ አውቀዋለሁ፤ ቀብር ላይም ያለቀሰው እንደዚሁ ነው። ሰውነቴን ቀፈፈኝ። ያኔ ያፀናኝ መስሎኝ የነበረው ትከሻ ይሄ ነው።

"ሲሊንደሩን አስተነፍሰዋለሁ፣ ይሞላል" አለ። "ፕላስተሩን ልጬ እጥላለሁ፣ በማግስቱ እዚያው ነው። መጨረሻ ላይ በሌላ ሸፈንኩት። በየቀኑ አርለን። በየቀኑ በዚያች ሰዓት።"

"ታዲያ ለምን ለእኔ ሰጠኸኝ?"

"ወንድሙ ነህ። ላንተ ዝም ይላል ብዬ።"

ሁለታችንም በዚያው ቅጽበት ጌጁን አየን። ቀዩ መርፌ ከዜሮ ተነስቶ ቀስ እያለ ይወጣ ነበር። ማንም አልነካውም።

ጎርዲ እጄን ያዘኝ።

"እነግራታለሁ። እስከ ዓርብ ራሴ እነግራታለሁ። በዱዌን እምላለሁ።"

አመንኩት። አሁንም አመንኩት፣ ይገርማችኋል? የሃምሳ ዓመት ጓደኛ ነው። ደረጃውን ወጥቶ መኪናውን ካስነሳ በኋላ ነው ጠረጴዛውን ያየሁት።

ፕላስተሩ የለም። ይዞት ሄዷል።

ሐሙስ ጠዋት ኬርስተን ደወለች። ድምፅዋ እንደ በሽተኛ ጠያቂ ለስልሷል።

"አጎቴ... ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ። ምነው?"

"ጎርዲ ደውሎልኝ ነበር። ብቻህን መሆን አልቻልክም አለኝ። የአባዬን ድምፅ ከሲሊንደር ውስጥ እሰማለሁ ይላል፣ ወንድሜን ሰው ገደለብኝ እያለ ነው አለኝ። ሐኪም ጋ ልንወስደው ይገባል አለኝ።"

ስልኩን ይዤ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። ወንድሜን ቀበረብኝ። አሁን ደግሞ እኔን ሊቀብረኝ ነው፣ ከነነፍሴ።

"ኬርስተን፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ" አልኳት። "ነገ ዘጠኝ ተኩል ላይ ነይ። ምንም ካልሰማሽ የፈለግሽው ሐኪም ጋ እሄዳለሁ።"

መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ምድር ቤት ወረደች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጎማውን፣ ጣሳውን፣ በሩን። እጇን አጣምራ ሰማችኝ። ማመን አይደለም፣ ማዘን ነበር ፊቷ ላይ የማየው።

"ማስረጃ ነበረኝ" አልኳት። "የጻፈበት ፕላስተር ነበር። ወሰደብኝ።"

"አጎቴ..."

"እሺ። አውቃለሁ።"

"አይደለም... ይሄ ምንድን ነው?"

ወደ ሲሊንደሩ ጠቆመች። ፕላስተሩ ቦታው ላይ ነበር። ያው ሰማያዊ፣ ያው ጃንዋሪ 14፣ ያቺው መንጠቆ የመሰለች ጂ።

ዘጠኝ ከአርባ ሆነ። መርፌው መውጣት ጀመረ።

እጇን ሲሊንደሩ ላይ አደረገች። ሲሞቅ አየሁት ፊቷ ላይ። መስኮቶቹን ከፈትኩና ቫልቩን በጣም በትንሹ ለቀቅኩት።

ተሳበ... ቆመ...

ተሳበ... ቆመ... ቀጭኗ ፉጨት መጣች።

ኬርስተን አፏን ያዘች። ይህን ድምፅ ከእኔ እኩል ታውቀዋለች፤ ሃያ ስድስት ዓመት ከግድግዳ ማዶ ሰምታዋለች።

"ጣሳው በሩ ላይ ነበር?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ነበር። በሩን ለራሱ ከፍቶ ነበር።"

"ማለት... ሊሞት አላሰበም?"

"ለቅዳሜ ሲሊንደር እየሞላ ነበር፣ የኔ ልጅ። ሌላ ምንም አላሰበም።"

ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሲሊንደሩን ጭኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች። "አባዬ" ትላለች ብቻ። "አባዬ... አባዬ..." የጋዙ ደወል ከላያችን ይጮሃል፤ ማንም ሊያጠፋው አልተነሳም። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየራቀ ሄደ። ከዚያ አለቀ። ሲሊንደሩ እጇ ላይ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሞልቶ አያውቅም።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ኬርስተንን መቃብሩ ጋ ወሰድኳት። ከሰዓት በኋላ ቤቴ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጠራ። ጎርዲ ነው። ሰዓቱን ማየት አላስፈለገኝም።

"አርለን..." ሹክሹክታ ነው። "ጋራዤ መጥተሃል?"

"አልመጣሁም።"

"በሩ... የጎን በሩ። እዘጋዋለሁ፣ ይከፈታል። እዘጋዋለሁ፣ ይከፈታል። ስንዝር ብቻ።"

ከኋላው አንድ ነገር ይሰማኛል። ይሳባል... ያቆማል...

"ጎርዲ፣ ማን አለ አጠገብህ?"

"ማንም። ብቻዬን ነኝ።"

ስልኩ ተቋረጠ። መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ። ልረዳው ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ሲፈራ ላየው ፈልጌ ነበር።

ደጁ ላይ አዲስ በረዶ ተኝቷል። አንድም የእግር ዱካ የለበትም። የጋራዡ የጎን በር ስንዝር ተከፍቷል፤ በስንጥቁ መሃል ቀይ የቀለም ጣሳ ቆሟል።

አንገቷ ላይ ጎድጎድ ያለችው የዱዌን ጣሳ ናት፤ አውቃታለሁ። ከእሱ ጋራዥ ካመጣኋት ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ የእኔ ምድር ቤት መደርደሪያ ላይ ነበረች። ጠዋት ስወጣም አይቻታለሁ።

ቆሜ አየኋት። በእግሬ ገፋ ማድረግ ብቻ ነው። በሩ ራሱ ይዘጋል።

አልነካኋትም። በሩን ገፍቼ ገባሁ።

ጎርዲ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ኮንክሪቱ ላይ ተቀምጧል። ትንፋሹ ይጨሳል፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። እኔን አላየኝም። ማዶ ጥግ ላይ ያለውን የተገለበጠ ባልዲ ነው የሚያየው። ባልዲው ላይ ማንም የለም።

"ጎርዲ፣ ተነስ። ትሞታለህ እዚህ።"

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

"እሽሽ..." አለኝ። "በሩን አትዝጋው። ተኝቷል።"

ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ከባልዲው በላይ ብቻ የሰው ጀርባ የሚያክል ቦታ ቀልጧል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ጭንቅላት የሚያክል ክብ። ጓንቴን አውልቄ ክቡ ላይ እጄን አደረግኩ።

ሞቋል።